ዳልጮና ሦስቱ እበት ዛቂ መኪኖች

ዳልጮ ስለ እበት ሲናገር ከሩቅ የሰማው መንገደኛ ስለ ማር የሚያወራ መስሎት ጠጋ ይል ነበር። ጠጋ ካለ በኋላ አፍንጫው እውነቱን ይነግረዋል፤ ይሁንና ወሬው ስለሚጥም አብዛኛው ሰው አፍንጫውን ይዞ ቆሞ ያስጨርሰዋል።

ሥራው ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ ላንቴ አጠገብ ሜዳው ላይ በተሠራ አንድ የመንግሥት የወተት ላሞች እርባታ ውስጥ ነው፤ የበረት ኃላፊ። ረጅም ሰው ነበር፤ በበረቱ ዝቅተኛ በር ጎንበስ ቀና ሲል ኖሮ ጎንበሱ ላይ የቀረ። ከጨንቻ በላይ ካለው ደጋ ወደዚህ ቆላ የወረደው በጎረምሳነቱ ሲሆን፣ የአርባ ምንጭ ወባ ክረምት ጠብቃ እየመጣች ስትሞክረው ኖራ፣ አልሆን ሲላት ተስፋ ቆርጣ ትታዋለች ይባል ነበር።

ዘመኑ የጓድ ዘመን ነው፤ የሰባዎቹ መጨረሻ። ገበሬው ተደራጅቷል፣ ሴቱ ተደራጅቷል፣ ወጣቱ ተደራጅቷል፤ ሳይደራጁ የቀሩት ላሞቹ ብቻ ነበሩ። ላሞቹም የፈረንጅ ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ቤት የሚያካክሉ፣ ፀሐይ ወጣ ስትል ዳገት እንደ ያዘ ከባድ መኪና የሚተነፍሱ። እነዚህን ላሞች በአርባ ምንጭ ሙቀት ማኖር ቅቤ ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንዳይቀልጥ እንደ መለመን ነው። ወተታቸውን ግን አይሰስቱም። "አንዷን አልበን ስንነሣ ዓባያ ሐይቅ በቅናት ይጎድላል" ትል ነበር ወርቂቱ።

ወርቂቱ የበረት ጠራጊዎቹ አለቃ ናት። ጠራጊዎቹ ሴቶች ናቸው፤ እንደ ዳልጮ ከደጋው የወረዱ፣ በአካፋና በዘንቢል የሚሠሩ፣ ወገብ እንዳላቸው የሚያስታውሱት ሲተኙ ብቻ የሆነ። ወርቂቱ ከሁሉም አጭሯ ናት፤ አንደበቷ ግን እሷ ሳትደርስ ቀድሟት በረት ይገባል። መሐል በረት የምትቆመውን ግንባረ ሰፊ ላም "ጓዲት" ብላ ስም ያወጣችላትም እሷ ናት። ካድሬ ሲመጣ ግን ሁሉም "ያቺ ላም" ይሏታል።

የነገሩ ሥር ያለው ደጋው ላይ ነው። በዳልጮ አገር ከብት የበዛለት ሰው ላሙን ለጎረቤቱ በአደራ ይሰጣል፤ ጎረቤቱም ቤቱ አስገብቶ ያኖርለታል። ጥጃው የባለቤቱ ነው። ወተቱን እንደ ስምምነታቸው ይካፈላሉ። እበቱ ግን የሚጠርገው ሰው ነው፤ ይህ አይጠየቅም፣ ድርድርም የለውም። "እበቴንም አምጣ" የሚል የላም ባለቤት ቢገኝ፣ ዱቡሻ ላይ፣ ማለትም ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር በሚያዩበት ሜዳ ላይ፣ ሣሩ ራሱ ይስቅበት ነበር። ምክንያቱም እበት ከሌለ እንሰት የለም፤ እንሰት ከሌለ ቆጮ የለም፤ ቆጮ ከሌለ ደግሞ ሽማግሌው የሚሸመግልበት ጉልበት ከየት ያመጣል?

እርባታው ለላሞቹ የገብስ ጭድ የሚያስመጣው ከዚያው ደጋ ነው። ከባድ መኪናው ጭድ ሊጭን ሲሄድ ባዶውን ይወጣ ነበር። ባዶ መኪና ዳገት ሲወጣ ማየት ለዳልጮ ከኃጢአት ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ቀን ሴቶቹ የጠረጉትን እበት አስጫነበት። መኪናው እበት ይዞ ወጣ፣ ጭድ ይዞ ወረደ፤ በዚያው ቀጠለ። እበቱ በየጠራጊዎቹ ዘመዶች ጓሮ ይራገፋል፤ ዳልጮም ከአካፋ ተለይቶ ስለማያውቅ ድርሻው ለሚስቱ ለአበቡ ይደርሳታል። ማንም አልፈቀደም፣ ማንም አልከለከለም፤ በዚያ ዘመን ሁለቱንም ያልሆነ ነገር ማግኘት ራሱ ተአምር ነበር።

አበቡ ልጆቹንና እንሰቱን ይዛ ደጋው ላይ ቀርታለች። ዳልጮ ሲመቸው በጭዱ መኪና እየወጣ ያያታል። እንሰቷ የአገር መነጋገሪያ ነበር። ከአንዱ ቅጠል ሥር ሠርግ ተደግሶ፣ ዝናብ ሲወርድ ውሎ፣ ሙሽሮቹ ጠብታ ሳይነካቸው ተመርቀው ሄዱ ይባላል። ዳልጮ ይህን ሲሰማ "ኧረ አታጋኑ፤ ሠርጉ ትንሽ ነበር" ብሎ ያስተካክላል።

ችግሩ የመጣው ከእግር ነው። በክረምት የበረቱ ሲሚንቶ ደርቆ አያውቅም። ሴቶቹ ከአንዱ ጫፍ ጠርገው ሌላው ጫፍ ሲደርሱ የመጀመሪያው ጫፍ እንዳልተነካ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ላሞቹ እርጥብ እበት ላይ ቆመው እየዋሉ ሰኮናቸው ይበሰብስ ጀመር። ጓዲትም የኋላ እግሯን አንጠልጥላ በሦስት እግር መቆም ለመደች። ዳልጮ ጠዋት ጠዋት እግሯን አንሥቶ በሞቀ ውሃ ሲያጥብ ያዩ ሴቶች "ለጴንጤው ጸሎተ ሐሙስ በየቀኑ ሆነለት" እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን አይስቅም። መድኃኒቱ ወለሉ ሁልጊዜ ንጹሕና ደረቅ መሆኑ ነው፤ ይህን ያህል ወለል ሁልጊዜ የሚያደርቅ ክንድ ደግሞ እግዜር ለሰው ልጅ አልሰጠም።

ብዙ ከተጮኸ በኋላ ከበላይ መልስ መጣ። በራሱ የሚሠራ እበት ዛቂ መኪና ይገዛላችኋል፣ የሚስማማችሁን ምረጡ ተባለ። ምርጫውን የሚያስረዳ ባለሙያም ከአዲስ አበባ ተላከ፤ ተክለጻድቅ ይባላል። መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ያለ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ከመኪና እንደ ወረደ የጠየቀው ቢሮ የት እንደሆነ ሳይሆን በረቱ የት እንደሆነ ነበር። ሱሪውን ሰብስቦ ገባና የጓዲትን እግር አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። ዳልጮ እዚያው ወደደው።

"ጋሽ ዳልጮ፣ እኔ የምችለውን አስረዳለሁ" አለ ተክለጻድቅ፣ ሦስት ባለ ሥዕል መጻሕፍት ጭዱ ላይ ዘርግቶ። "ከማሽኑ ጋር የምትኖሩት ግን እናንተ ናችሁ። ያልመረጣችሁት ማሽን እንጀራ እናት ነው የሚሆንባችሁ።"

ሴቶቹ አካፋቸውን ይዘው ከበቡት።

"የመጀመሪያው ይኸ ነው። ከላሞቹ ኋላ ቦይ ይቆፈራል፤ እበቱ እዚያ ይወድቃል። ቦዩ ውስጥ ሰንሰለት ይዞራል፤ ሰንሰለቱ ላይ መዳፍ የመሰሉ ብረቶች አሉ። እየገፉ ያወጡትና ሽቅብ ወስደው መኪናው ላይ ይጥሉታል።"

"ራሱ ይጭናል?" አለች ወርቂቱ።

"ራሱ።"

"ምሳ አይልም?"

"ዘይት ብቻ ነው የሚጠጣ።"

"ዘይት ብቻ ከጠጣማ ከባሌ ይሻላል!" ሴቶቹ አካፋቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ።

"ሁለተኛው" አለ ተክለጻድቅ እሱም እየሳቀ፣ "እበቱን ገፍቶ የተከደነ ጉድጓድ ውስጥ ይከተዋል። እዚያ ከውሃ ጋር ይበጠበጥና በቧንቧ ይረጫል። ውሃ እዚህ ሞልቷል።"

ዳልጮ ሥዕሉን አገላብጦ አየ። "ሾርባ ይሆናል ማለት ነው?"

"እንደዚያ በሉት።"

"በዘንቢል አይያዝም?"

"አይያዝም።"

ዳልጮ ገጹን እንደ ክፉ ሕልም ዘጋው።

"ሦስተኛው ተራ ነው። ሰፊ የብረት መጥረጊያ በሽቦ ገመድ ወለሉ ላይ ይጎተታል። ሞተር ይጎትተዋል፤ መብራት ከጠፋ መዘውር አለው፣ በእጅ ይዞራል።"

"እጅ ካለበትማ እኛስ አለን አይደል?" አለች ወርቂቱ፤ ማንም ወደ ሦስተኛው መጽሐፍ መለስ ብሎ አላየም።

ያን ዕለት የዳልጮ ልብ በሰንሰለቱ ተነደፈ። ላሞቹ ደረቅ ወለል ላይ ሲቆሙ ታየው። የሴቶቹ ወገብ ቀና ሲል ታየው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እበቱ ያለ አካፋ፣ ያለ ዘንቢል፣ በራሱ እግር ሄዶ መኪና ሲሳፈርና ወደ አበቡ ሲገሰግስ ታየው። ሰው እዚህ ምድር ላይ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ውሳኔው በሠራተኞች ስብሰባ ይሆናል ተባለና ሁሉም ግቢው ውስጥ ካለው ሾላ ሥር ተቀመጠ። ሰብሳቢው የእርባታው ካድሬ ጓድ ሽበሺ ነው፤ ወጣት፣ ከነካኪ ልብሱ ተተኩሶ የተወለደ የሚመስል። ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ መርፌ ለመዋስም ቢሆን መጀመሪያ የዓለምን ሁኔታ ሳይገመግም አይጠይቅም። በጓድነት አንቱታ ስለ ተሻረ አባቱን የሚያህለውን ዳልጮን "አንተ" ይለዋል፤ ዳልጮ ግን መሻሩን ስላልሰማ "እርስዎ" ይለዋል።

ጓድ ሽበሺ የዓለምን ሁኔታ ከገመገመ በኋላ ሁለተኛው ማሽን፣ ባለ ጉድጓዱ፣ የተሻለ ሳይንሳዊ መሆኑን ገለጸ። ማስረጃው ብዙ ቁልፍ ያለው መሆኑ ነበር።

ዳልጮ ሰማዩ የተደፋበት መሰለው። እበቱ ሾርባ ሆኖ ሊረጭ ነው! እጁን አወጣና ተነሣ። አማርኛው፣ ሲሞቀው ላሙን ሁሉ ወንድ የሚያደርግ የደጋ አማርኛ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ በጣም ሞቀው።

"ጓዶች" አለ፣ "ሰው ወተት ብቻ ያያል። ወተት ጠዋት ይታለባል፣ ማታ ይኮመጥጣል። እበት ይኮመጥጣል? አይኮመጥጥም! እበት ሲቆይ ይበረታል። ይህ ላም ሣር ይበላል፤ ሣር ዝም ብሎ ሣር ነው። እሱ ግን አላምጦ፣ አመንዥጎ፣ አስቦበት ነው የሚያወጣው። የፋብሪካውን ማዳበሪያ አውቃለሁ፤ ነጭ ነው፣ ጨው ይመስላል፣ አንድ ዓመት ሠርቶ ይደክመዋል። እበት አይደክመውም። አንድ ዘንቢል እንሰት ሥር አድርግ፤ እንሰቱ ያመሰግንሃል፣ ልጅህን ያበላል፣ የልጅ ልጅህንም በስሙ ይጠራል። ድንጋይ ላይ አድርግ፤ ድንጋዩ ቅጠል ያወጣል! ይህን ነው በውሃ በጥብጠን የምንረጨው? ሰንሰለቱ ይሁን። ደረቁን፣ ክብሩን ጠብቆ ያወጣልናል።"

ሾላው ሥር ጭብጨባው ተነሣ፤ ሾላው ላይ የነበሩ ጦጣዎች ሁሉ ቅርንጫፍ ለወጡ። በዚያች ሰዓት አንድ ሰው እበት በሳህን ቢያቀርብ ማንኪያ የሚፈልግ አይጠፋም ነበር። ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው ጓድ ሽበሺ ራሱ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ጓድ ዳልጮ፣ ዓይናችንን አበራህልን" አለ። "የኔን ሐሳብ አንሥቻለሁ፤ ግለሂስም አደርጋለሁ። ሰንሰለቱ ይሁን።"

ዳልጮ በደስታ ተቀመጠ።

"ግን ጓዶች፣ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እንዲህ ያለ ሀብት እስከ ዛሬ በመንግሥት መኪና ዳገት እየወጣ በግለሰብ ጓሮ ሲራገፍ የት ነበርን?"

ዳልጮ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"እስከ ዛሬስ ይሁን" ቀጠለ ጓድ ሽበሺ። "ሴቶቹ በጉልበታቸው ጠርገውታል፤ የድካማቸው ነው ብለን እንለፈው። ሰንሰለቱ ሲገባ ግን ጠራጊው ማሽኑ ነው። ማሽኑ የሕዝብ ነው። እንግዲህ እበቱም የሕዝብ ይሆናል፤ ወደ መንግሥት የጥጥ እርሻ ይሄዳል። ግልጽ ነው?"

ግልጽ ነበር። ዳልጮን የጎዳውም ግልጽነቱ ነው። ካድሬው ተሳስቶ ቢሆን ይከራከረው ነበር። ነገር ግን ሰውዬው ደጋ ሳይወጣ፣ ዱቡሻ ሳይቀመጥ፣ የደጋውን ሕግ አንድ ቃል ሳያዛንፍ ተናገረው፤ እበት የሚጠርገው ነው። ዳልጮ ሙሉ ዕድሜውን ያመነበት ሕግ ዞሮ የአበቡን እንሰት ሊያደርቅበት መጣ። ማን አስመጣው? የገዛ ምላሱ።

"እጅ እናውጣ" አለ ጓድ ሽበሺ።

"ጓድ ሽበሺ" አለ ዳልጮ፣ "ልቤ አልተስማማም። በኛ አገር የአንድ ሰው ልብ እየከበደው ነገር አይቋጭም።"

"ጓድ ዳልጮ፣ ልብህ በአጀንዳ አልተያዘም።"

ደግነቱ የአርባ ምንጭ ዝናብ አጀንዳ አያውቅም። ከሐይቁ በኩል ድንገት መጥቶ ሾላውንም ስብሰባውንም ደበደበው፤ ጉዳዩ ለነገ አደረ።

በረት ውስጥ ወርቂቱ እየጠበቀችው ነበር። አካፋዋን መሬት ላይ ተክላ።

"ሌላው ወንድ ሚስቱን ያሞግሳል፤ አንተ እበት አሞግሰህ አስቀማኸን! ማን 'በስሙ ይጠራል' በል አለህ?"

"አፌ ነው ወርቂቱ።"

"አፍህንማ አየሁት! ትንሽ ብትቀጥል ሚኒስትር ታደርገው ነበር።" ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። "ጋሽ ዳልጮ፣ እናቴ ጓሮ ሌላ የሚገባ ነገር የለም። እሷ ያላት ይኼው እበት ነው።"

ዳልጮ አካፋዋን ዞሮ አለፈ። ወደ ጓዲት ሄደ፤ ተክለጻድቅ እዚያ ቆሞ ወለሉን በሜትር ሲለካ አገኘው። ዳልጮ እንደ ልማዱ ተንበርክኮ የላሟን እግር ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ቁስሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። ላሟ ሕመሟን የሚያውቀውን ሰው አምና እግሯን ተወችለት።

"አቶ ተክለጻድቅ፣ ይህን እግር ብቻ ብለው ቢመርጡ የትኛውን ይመርጣሉ?"

"ሰንሰለቱን" አለ ተክለጻድቅ ሳያመነታ። "እበቱ ከኋላቸው ቦይ ውስጥ ስለሚወድቅ ሰኮናቸው አይነካውም። የሽቦ ገመዱ መጥረጊያ ግን የሚያልፈው ቆመው በሚውሉበት ወለል ላይ ነው። ሞተሩ እየደጋገመ ከጎተተው ጥሩ ነው፤ በእጅ ከሆነ ግን ሰው ይደክመዋል፣ በመካከሉም ወለሉ ይረጥባል። ልዋሽዎ አልፈልግም።"

"መብራቱስ?"

"እሱን እኔም እያሰብኩበት ነው።" የከተማው መብራት በናፍጣ ሞተር የሚሠራ፣ እንደ ክቡር እንግዳ የሚታይ ነበር፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ መቼ እንደሚሄድ አይጠየቅም። "ሰንሰለቱ መብራት ሲጠፋ ቀጥ ይላል፤ እጀታ የለውም። እበቱ ቦዩ ውስጥ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ጥፋቱ ከረዘመ ሞልቶ ይፈሳል።"

ዳልጮ እግሯን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ላሞቹም፣ ሴቶቹም፣ አበቡም በአንድ መኪና የተጫኑ ይመስለው ነበር። አሁን አንዱን ለማሳፈር ሌላውን ማውረድ መጣ። ሰንሰለቱን ቢል ጓዲት በአራት እግሯ ትቆማለች፣ ደጋው ላይ ግን እንሰቱ እየቀጨጨ አበቡ የጎረቤት ጓሮ ታያለች። አካፋው ይበቃናል ቢል ደግሞ የላሞቹ እግር ይበሰብሳል። ጸለየ፤ ጸሎቱም አጭር ነበር፤ "ጌታ ሆይ፣ ሁለቱንም አንተ ነህ የሰጠኸኝ፤ አንዱን ብቻ ልትወስድ ነው ወይ?" የሚል።

በማግስቱ ሾላው ሥር ሰው ተሰብስቦ ሳያበቃ ዳልጮ ተነሣ።

"ጓዶች፣ ሂስ ላድርግ። ትናንት ስለ እበት የተናገርኩት..." ብሎ ቆመ። ሌሊቱን ያሰበው "ትንሽ አጋንኜ ነው፣ እበት ያን ያህልም አይደለም" ሊል ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደረሰና እምቢ አለ። ሰው እናቱን እንደሚክድ ሆነበት። "...የተናገርኩት እውነት ነው" አለ በመጨረሻ። "እንዲያውም ያጎደልኩት አለ።"

ሳቅ ሆነ። ጓድ ሽበሺም ሳቀ።

"ሂሴ ሌላ ነው። ጓድ ሽበሺ ትናንት እበት የሚጠርገው ነው አሉ። ልክ ናቸው፤ አባቶቻችንም ያሉት ይህንኑ ነው። ሰንሰለቱ ከጠረገ እበቱ የሰንሰለቱ ነው። እኔ ግን ሰንሰለቱን ትቼ ሦስተኛውን፣ ባለ ሽቦ ገመዱን መርጫለሁ። መብራት ሲጠፋ መዘውሩን የሚያዞረው ሰው ነው። እበቱስ ያን ጊዜ የማን ነው?"

ሁሉም የሰማውን የገዛ ቃሉን ማጠፍ ለጓድ ሽበሺ ከባድ ነበር፤ በዚያ ላይ ካድሬ ነው። ወደ ተክለጻድቅ ዞረ።

"ባለሙያው ምን ይላል?"

"ለላሞቹ እግር ሰንሰለቱ ይሻላል፤ ትናንት ለጋሽ ዳልጮም ነግሬያቸዋለሁ" አለ ተክለጻድቅ። "ነገር ግን መብራት ጠፍቶ ከሰነበተ የሰንሰለቱ ቦይ ይሞላል። የሽቦ ገመዱ አይቆምም።"

"ይሞላል ስትል?"

"ይፈሳል። ወደ በሩ።"

ጓድ ሽበሺ በሩን አየ። እንግዶች፣ ልዑካንና ከላይኛው ከተማ ከሴቻ የሚወርዱ ኃላፊዎች ሁሉ የሚገቡት በዚያ በር ነው። ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ፤ በዓይነ ሕሊናው ምን እንዳየ ባይታወቅም ሲገልጠው ቆራጥ ሆኖ ነበር።

"እንግዲያው እንዲህ ይሁን" አለ፣ ግኝቱ ራሱን እያስደሰተው። "መብራት ያለ ቀን ጠራጊው ሞተሩ ነው፤ እበቱ ለጥጥ እርሻው። መብራት የሌለ ቀን ጠራጊዎቹ ሴቶቹ ናቸው፤ እበቱ የነሱ። የሚቃወም?"

የሚቃወም አልነበረም። ወርቂቱ ሁለቱንም እጆቿን አወጣች፤ አንዱ ለሌሊት ፈረቃ ነው ብላ።

ማሽኑ እስኪመጣ ድረስ አንዳንድ ጥጆች ላም ሆነው ወለዱ። ሲመጣም ከሳጥኑ ግማሹ ዕቃ፣ ግማሹ የወዳጅ አገር ጋዜጣ ነበር። ቢሆንም ተገጠመ፣ ሠራ። ከዚያ ወዲህ በአርባ ምንጭ ከተማና አካባቢው መብራት ሲጠፋ እልል የሚሉት የእርባታው ጠራጊዎች ብቻ ሆኑ። መዘውሩን ሁለት ሁለት ሆነው ያዞራሉ፤ ወገባቸው እንደ ድሮው አይጎብጥም፣ ክንዳቸው ግን የጀልባ ቀዛፊ ክንድ መሰለ። መብራት ሲመጣ ዳልጮ ማብሪያውን ይጫናል፤ ቁልፉ በእሱ እጅ ነው። ሞተሩ መጥረጊያውን እያመላለሰ ወለሉን ሲያደርቅ ላሞቹ እግራቸውን ዘርግተው ይቆማሉ፤ እበቱም በሌላ መኪና ወደ ጥጡ ይሄዳል።

መብራት በጠፋበት አንድ ጠዋት የጭዱ መኪና ወደ ደጋ ሊወጣ ቆሟል። ግማሹ ተጭኗል። ሴቶቹ መዘውሩን ይዘው ሳለ በረቱ ውስጥ አምፖሉ በራ። ቦግ አለ እንጂ ብልጭ አላለም፤ ሁሉም ያየው ነው።

ወርቂቱ መዘውሩን አልለቀቀችም። "ጋሽ ዳልጮ፣ መብራቱ የመጣ አይመስለኝም።"

አምፖሉ ከራሷ በላይ እያበራ ጥላዋን መሬት ላይ ጥሎታል።

"አልመጣም" አለች ሌላዋ፣ ብርሃኑ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ እያጭበረበራት።

ዳልጮ መኪናውን አየ። ግማሽ ጭነት ማለት ለአበቡ ግማሽ ጓሮ ማለት ነው፤ የዝናቡ ወራት ሊገባ ነው፣ እንሰቱ እበቱን የሚፈልገው አሁን ነው። ማን ያውቃል? ጓድ ሽበሺ ሴቻ ስብሰባ ላይ ነው። ላሞቹ አይናገሩም። ከዚያ ደግሞ ጓዲትን አየ። እግሯ መሻል ከጀመረ ሰንብቷል፤ አንዳንድ ቀን ታሳርፈዋለች፣ አንዳንድ ቀን ታነሣዋለች። መብራት የጠፋባቸው ቀናት በተከታተሉ ቁጥር እንደገና ታነሣዋለች። ያን ጠዋት አንሥታዋለች። ጫፉ ብቻ እርጥቡን ወለል ነካ ያደርግና ይመለሳል።

ሰንሰለቱን ቢመርጥ ኖሮ ይህ እግር ዛሬ አይነሣም ነበር። ይህን እሱ ያውቃል። ላሟ አታውቅም።

"መጥቷል ወርቂቱ" አለ፤ ማብሪያውንም ተጫነ።

ሞተሩ ጮኸ። ወርቂቱ መዘውሩን ለቀቀችና ለደጋው ዘመዶቿ ሁሉ የሚበቃ ስድብ በጋሞኛ አወረደችበት። አንዳንዱ ስድብ ዳልጮ ራሱ ከልጅነቱ ወዲህ ያልሰማው ነበር። እስኪያልቅ ተሰደበ። ከዚያ መኪናው ላይ ወጣና በግማሽ ጭነት ደጋ ወጣ።

አበቡ ጓሮዋ ላይ ቆማ ጠበቀችው። መኪናው ሲራገፍ አየች፤ ሲያልቅም አየች።

"ግማሹስ?"

"መብራት ነበረ።"

ጉዳዩን አስቀድሞ አጫውቷታልና ማስረዳት አላስፈለገውም። እንሰቶቹ መካከል ነፋስ ገብቶ ቅጠሉን አንኳኳ።

"አንተ ሰውዬ፣ ማብሪያው በማን እጅ ነው?"

"በእኔ።"

"እህ።" ዘንቢሏን አነሣች፣ ሞላች፣ ከመጀመሪያው እንሰት ሥር ደፋች፣ በእጇ ዙሪያውን አለባበሰችው። ሁለተኛው ጋ ስትደርስ ቀና ሳትል ጠየቀችው። "ያቺ ሸፋፋ ላምህስ? በእግሯ ረገጠች?"

"ስወጣ ረግጣለች። በአራቱም።"

አበቡ እስከ ጓሮው ማዶ የተሰለፈውን እንሰት በዓይኗ ለካችው፤ የደረሳትን እበትም አየች።

"እንግዲያው ማዶ ላለው ለግማሹ እንሰት ላሟ በአራት እግሯ መቆሟን እኔ እነግረዋለሁ" አለችና ወደ ሦስተኛው ተሻገረች።